ነፍስ ያወቀች ልጅ፤ የስፔናዊቷ ደራሲ የኤሌና ፎርቱን ሕይወትና ሥራ

የልጆች መጽሐፍ ሲባል ብዙ ሰው አቅልሎ ይመለከተዋል። ለትልቅ ሰው የሚጻፈው ልብ ወለድ ዕውቀትና ድካም የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለልጅ የሚጻፈው ግን ማንም ሰው በትርፍ ጊዜው ሊሞነጫጭረው የሚችል ነገር ይመስለዋል። እኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሥነ ጽሑፍ ስንከራከር የምናነሣው ታላላቆቹን ልብ ወለዶች፣ ቴአትሩንና ቅኔውን ነው እንጂ፣ ፊደል በቈጠርንበት ዘመን በእጃችን የገባውን የመጀመሪያ መጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን ሰው ስለ እውነትና ስለ ሐሰት፣ ስለ ሀብታምና ስለ ድኻ፣ ስለ ትልቅና ስለ ትንሽ በጽሑፍ የሚያገኘው የመጀመሪያ ትምህርት በልጅነቱ ካነበበው ነው። እንግዲያውስ ለልጅ ምን ይጻፍለት? በምን አኳኋን ይጻፍለት? እውነቱ መራራ በሆነ ጊዜስ ይነገረው ወይስ ይደበቅለት?

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከምንከራከርበት ይልቅ፣ ዕድሜዋን በዚሁ ሥራ የፈጸመች አንዲት ደራሲ ይዘን ብንመረምረው ይሻላል ብለናል። የመረጥናት ኤሌና ፎርቱን የተባለችውን ስፔናዊት ነው። በአገሯ «ሴሊያ» የተባለችውን ባለታሪኳን እያነበቡ ያደጉ ብዙዎች ናቸው። በመጀመሪያ የደራሲዋን ሕይወት፣ ቀጥሎ መጻሕፍቷን፣ በመጨረሻም ከሥራዋ የምናገኘውን ትምህርት በየተራ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሕይወቷ መነሻ

ኤሌና ፎርቱን የብዕር ስም ነው። ቤተ ሰቦቿ ያወጡላት ስም ኢንካርናሲዮን አራጎኔሴስ ኡርኪሆ ይባል ነበር። የተወለደችው በ1886 በማድሪድ ከተማ ነው። አባቷ ከሴጎቪያ አውራጃ የመጣ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ከባስክ ወገን ነበረች። ሴጎቪያ ወደ ፊት በመጻሕፍቷ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የሚኖራት ከተማ ስለ ሆነች አንባቢ ስሟን እንዲይዝልን እንወዳለን።

በዚያን ዘመን በስፔን አገር ለሴት ልጅ ይሰጥ የነበረው ትምህርት በአብዛኛው ለቤት የሚያዘጋጃት ነበር። መርፌ ሥራ፣ ጸሎት፣ ጥቂት ንባብና ጽሕፈት ካወቀች ይበቃታል ይባል ነበር። ሴቶች ልዩ ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ በሕግ የተፈቀደው በ1910 ነው፤ በዚያን ጊዜ ደራሲያችን የ23 ዓመት ሴት ነበረች። ስለዚህም እንደ እኛ በወጣትነቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መማር የምትችልበት ዕድል አላጋጠማትም። ያገኘችውን ዕውቀት ያገኘችው በራሷ ንባብና ዘግይታ በተከታተለችው ትምህርት ነው።

ገና በወጣትነቷ ዘመዷን ኤውሴቢዮ ዴ ጎርቤያን አገባች። እርሱም የጦር መኰንን ሲሆን ቴአትርና ልብ ወለድም ይጽፍ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ነገር ግን ታናሽየው ልጅ በ1920 ሞተ። ይህ ሐዘን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከልቧ እንዳልወጣ የሕይወት ታሪኳን የጻፉት ሁሉ ይመሰክራሉ። ልጅ የሞተባት እናት ልጆችን ለማሳቅ ብዕር ማንሣቷ ሊያስገርመን ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጅ ሲናገር የማዳመጥን ዋጋ ከእርሷ ይበልጥ የሚያውቅ ማን ነበር?

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ባሏ ወደ ካናሪ ደሴቶች ስለ ተዛወረ ቤተ ሰቡ በቴኔሪፌ ደሴት ተቀመጠ። በዚያ ከአንዲት ወዳጇ ልጆች ጋር እየዋለች ንግግራቸውን፣ ጨዋታቸውን፣ ጥያቄያቸውንም ታስተውል ነበር። ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዲቱ ልጅ በኋላ ለተፈጠረችው ለሴሊያ ምሳሌ ሆናለች ይባላል። ልዩ ልዩ ጽሑፎችንም ለጋዜጣ መስጠት የጀመረችው በዚሁ ጊዜ ነው።

ስለ ስሟም አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ባሏ በ1922 «የኤሌና ፎርቱን ሺህ ዓመታት» የሚል ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። እርሷም መጻፍ በጀመረች ጊዜ የዚያን መጽሐፍ ባለታሪክ ስም ወስዳ የራሷ አደረገችው። እንግዲህ ባል በምናቡ የፈጠራትን ሴት ስም ሚስት አንሥታ ለበሰችው፤ የባልየው መጽሐፍ ተረስቶ፣ ስሙ ግን በሚስትየው ሥራ ሕያው ሆኖ ቀረ።

የማድሪድ ሴቶችና የመጀመሪያው ዕድል

ቤተ ሰቡ ወደ ማድሪድ ሲመለስ ከተማይቱ በአዲስ ሐሳብ ትናወጥ ነበር። በ1926 ማሪያ ዴ ማኤስቱ የተባለች የትምህርት ሰው በፕሬዚዳንትነት የምትመራው ሊሴዩም ክለብ የሚባል የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ክለብ ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ሕግ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥነ ጥበብ ንግግር ያደርጉና ይወያዩ ነበር። ማኅበሩን የሚነቅፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ቤታቸውን ትተው የሚዞሩ ሴቶች መሰብሰቢያ ነው እያሉ ያሙት ነበር። ኤሌና ፎርቱን ግን የማኅበሩ አባል ሆነች፤ የቤተ መጻሕፍት ሥራም ተማረች።

በዚያን ጊዜ ከወዳጆቿ አንዲቱ ማሪያ ሌሃራጋ ነበረች። ይህች ሴት በጊዜዋ የታወቁ ብዙ ቴአትሮችን የጻፈች ስትሆን፣ ቴአትሮቹ ይታዩ የነበሩት በባሏ በግሬጎሪዮ ማርቲኔስ ሲየራ ስም ነው። የራሷን ስም ከሥራዋ ላይ የተወችው ይህች ደራሲ ኤሌናን «ጻፊ» ብላ አበረታታቻት፤ ከጋዜጣ ባለቤቶችም ጋር አስተዋወቀቻት። ነገሩን ልብ ብለን ስንመለከተው አንዲቱ በባሏ ስም፣ ሌላዪቱም ባሏ በፈጠረው ስም ይጽፉ እንደ ነበር እናያለን። በዚያ ዘመን ሴት ብዕር ለማንሣት ምን ያህል መሸፈኛ ያስፈልጋት እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በ1928 «ነጭና ጥቁር» የሚል ስም ባለው በታወቀው ሳምንታዊ መጽሔት ውስጥ፣ «ትንንሽ ሰዎች» በተባለው የልጆች ክፍል ላይ ሴሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። ልጆቹም ወዲያው ወደዷት። ማኑዌል አጊላር የተባለው አሳታሚ ጽሑፎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ «ሴሊያ የምትለው» በ1929 ታተመ። «ሴሊያ በትምህርት ቤት» በ1932፣ «ሴሊያ ደራሲዋ» እና «ሴሊያ በዓለም» በ1934 ተከተሉት። ከዚያም በኋላ ስለ ታናሽ ወንድሟ ስለ ኩቺፍሪቲን የተጻፉት መጻሕፍት ወጡ።

ሴሊያ ማን ናት?

ሴሊያ በማድሪድ ከተማ በሴራኖ ጐዳና ከሚኖር የደኅና ኑሮ ባለቤት ከሆነ ቤተ ሰብ የተወለደች ልጅ ናት። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲጀመር ሰባት ዓመት ሞልቷታል። በስፔኖች ዘንድ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አእምሮውን መጠቀም ጀመረ ይባላል፤ እኛ «ነፍስ አወቀ» የምንለው መሆኑ ነው። የመጽሐፉም ቁም ነገር ከዚህ ይነሣል። ትልልቆቹ ሰዎች ሴሊያን «እንግዲህ ነፍስ አውቀሻል» ይሏታል፤ ነገር ግን ምክንያት በጠየቀች ጊዜ ምክንያት የሚሰጣት ሰው የለም። ነፍስ አውቀሻል የተባለችው ልጅ ባወቀችው ነፍስ መጠየቅ ስትጀምር «ዝም በዪ» ትባላለች።

እናቷ በልጅቱ ዙሪያ የማትገኝ፣ ሁልጊዜ ሌላ ጉዳይ ያላት ሴት ናት። አባቷ ልጁን ይወዳል፤ ነገር ግን ሥራ አለበት። እንግሊዛዊቷ ሞግዚት ሚስ ኔሊ ሥርዐት የምትወድ፣ ሳቅ የማታውቅ ናት። ዶኛ ቤኒታ የተባለች አሮጊት ደግሞ በተቃራኒው ተረትና ተአምር እያወራች የልጅቱን ልብ ትሞላለች። ሴሊያ በእነዚህ ሰዎች መካከል የሰማችውን ሁሉ አምና ትፈጽማለች፤ በፈጸመችም ጊዜ ትቀጣለች። የመጽሐፉ ሳቅ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የመጽሐፉም ሐዘን ከዚሁ ነው።

አንዱን ታሪክ ለምሳሌ እንውሰድ። በስፔን አገር ለልጆች ስጦታ የሚያመጡት ሰብአ ሰገል ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ ልጆቹም ጥር 5 ቀን ሌሊት በጉጉት ይጠብቃሉ። ሴሊያም በዚያ ሌሊት በሰገነቱ ላይ ከነገሥታቱ አንዱን አግኝታ ታነጋግረዋለች፤ በሀብታም ቤት የተተወው ስጦታ ለድኻ ልጆች ጭምር መካፈል እንዳለበት ከእርሱ ትረዳለች። ስለዚህም ከመጫወቻዎቿ ለበር ጠባቂው ልጅ ለሶሊታ ታካፍላለች። ለልጅቱ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ነግሯታል፣ እርሷም ፈጽማለች። ለትልልቆቹ ግን ነገሩ ጥፋት ነው። ስለ ልግስና ሲሰብኩ የኖሩት ሰዎች ልጅቱ በእውነት በለገሰች ጊዜ ይደነግጣሉ። ደራሲዋ ግን በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ ቆማ «ልጆች ሆይ ከዚህ የምንማረው» ብላ አትሰብክም። ታሪኩን ተናግራ ዝም ትላለች፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ያስበዋል።

የአጻጻፏ ብልሃት

ከእርሷ በፊት የስፔን ልጆች የሚያነቡት ምን ነበር? ካሌሃ የተባለው ማተሚያ ቤት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በርካሽ ዋጋ ያወጣቸው ትንንሽ የተረት መጻሕፍት በየቤቱ ገብተው ነበር፤ ዝናቸውም በአነጋገር ውስጥ እስከ መግባት ደርሶ፣ ወሬና ማመኻኛ የሚያበዛ ሰው «ከካሌሃ ይልቅ ተረት አለህ» ይባል ነበር። በእነዚህ ተረቶች አማካይነት ብዙ ልጆች ንባብን ወደዋል። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ውስጥ ልጁ ደግ ከሆነ ይሸለማል፣ ክፉ ከሆነ ይቀጣል፤ ታሪኩም የሚነገረው ከላይ ወደ ታች በትልቅ ሰው አንደበት ነው።

ኤሌና ፎርቱን ይህን ገለበጠችው። የሴሊያን ታሪክ የምትነግረን ራሷ ሴሊያ ናት። አብዛኛው ገጽም በንግግር የተሞላ ነው፤ ልጅቱ ትጠይቃለች፣ ትልቁ ሰው ይመልሳል፣ ልጅቱ መልሱን ይዛ እንደ ገና ትጠይቃለች። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ቃላቱ በቤትና በጐዳና የሚነገሩ ናቸው፤ የገረድ አነጋገር የገረድ፣ የወይዘሮ አነጋገር የወይዘሮ፣ የልጅ አነጋገር የልጅ ሆኖ ይሰማል። ይህም ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው ልጅን አስመስሎ ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ኮልታፋ ንግግር ወይም በልጅ አፍ የተቀመጠ የሽማግሌ ምክር ነው። ሴሊያ ግን አትኮላተፍም፤ አትመክርምም። የምታደርገው ነገር ቢኖር የትልልቆቹን ቃል እንዳለ ተቀብላ እስከ መጨረሻው መከተል ነው።

«ሴሊያ በትምህርት ቤት» የተባለው መጽሐፍ ይህን ብልሃት በግልጽ ያሳየናል። ወላጆቿ የሚያደርጓት ስላጡ ሴሊያን በካቶሊክ መነኮሳይት አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገቧታል። በዚያም የቅዱሳን ታሪክ ይነበብላታል። ሴሊያም የሰማችውን በልቧ አኑራ ቅድስት ለመሆን ትቈርጣለች፤ ራሷንም እንደ ቅዱሳኑ ልትቀጣ ትጀምራለች። ከዚያም ትምህርት ቤቱ በሙሉ ይተራመሳል። መነኮሳይቱ ጨካኞች ሆነው አልተሣሉም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው የሚወዷት አሉ። ጥያቄው የክፋት ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው «የምናስተምረውን በእውነት እናምንበታለን ወይ? ካመንንበትስ ልጁ ሲፈጽመው ለምን እንቈጣለን?» የሚል ነው። ለማስተማር የሚዘጋጁ ጓደኞቻችን ይህን መጽሐፍ ቢያነቡት ከብዙ የማስተማር ዘዴ መጽሐፍ የማይተናነስ ጥቅም ያገኙበታል ብለን እናምናለን።

በ«ሴሊያ ደራሲዋ» ውስጥ ደግሞ ልጅቱ ራሷ ብዕር ታነሣለች። በትምህርት ቤቱ ብቻዋን በቀረች ጊዜ ደብተር ይዛ፣ ከተጓዥ ተዋንያን ጋር ኰብልላ አገር ላገር ስትዞር የሚያሳይ ታሪክ በምናቧ ትፈጥራለች። ብቸኝነቷን የምታሸንፈው በመጻፍ ነው። ደራሲዋ ስለ ራሷ ከተናገረችው ሁሉ ይህ የበለጠ ግልጽ ሳይሆን አይቀርም።

ሴሊያ ታድጋለች

በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ጊዜ ባለታሪኩ አያድግም። መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ቢደራረብ ልጁ ያው ልጅ ነው። ሴሊያ ግን ታድጋለች፤ እድገቷም ከአንባቢዎቿ ዕድሜ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሴሊያ በመጽሔቱ ላይ በታየችበት በ1928 ሰባት ዓመት የነበራት አንባቢ፣ ጦርነት በተነሣበት በ1936 የ15 ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ሴሊያም በመጽሐፍ ውስጥ ያን ጊዜ እንዲሁ 15 ዓመቷ ነው። አንባቢና ባለታሪክ አንድ ዓይነት ዘመን፣ አንድ ዓይነት መከራ ይዟቸው ነበር።

በመካከሉ በስፔን ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር። በ1931 ንጉሡ ከአገር ወጥቶ ሪፑብሊክ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ሴቶችም በጠቅላላው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በ1933 ነው። የሴቶች ልጆች ትምህርትም ተስፋፋ። ሴሊያ ራሷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የምትከታተል ተማሪ ሆነች።

«ትንሿ እናት ሴሊያ» የተባለው መጽሐፍ ግን የዚህን ተስፋ ሌላ ገጽ ያሳየናል። የሴሊያ እናት ትሞታለች። ሴሊያ ሁለት ታናናሽ እኅቶቿን ለማሳደግ ትምህርቷን አቋርጣ ሴጎቪያ ወደሚገኘው ወደ አያቷ ቤት ትሄዳለች። ሕልሟ መማርና መጻፍ የነበረ ልጅ በ14 ዓመቷ እናት እንድትሆን ተፈረደባት። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ «ሴት ልጅ ናትና የሚገባት ነው» ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን አንዲት ልጅ ደብተሯን ዘግታ ምጣድ ስታነሣ ምን እንደሚቀርባት በዝምታ ያሳያል። የታላቅ እኅቱ ትምህርት ተቋርጦ እርሱ የተማረ ከእኛ መካከል ቢኖር ይህን መጽሐፍ ያለ ቁጭት ሊያነበው አይችልም። ታሪኩ የሚያበቃው በ1936 በጋ፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ በተቃረበበት ሰዓት ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1939፣ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት ነው።

በርሳስ የተጻፈው መጽሐፍ

የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከሐምሌ 1936 እስከ ሚያዝያ 1939 ቆየ። የኤሌና ባል መኰንን ስለ ነበረ ለሪፑብሊኩ ታምኖ ቆመ። እርሷም አብዛኛውን የጦርነት ዘመን በማድሪድ ከተማ በአውሮፕላን ድብደባና በረኃብ መካከል አሳለፈች። ሪፑብሊኩ በተሸነፈ ጊዜ ባልና ሚስት በፈረንሳይ በኩል ተሰደው ወደ አርጀንቲና ሄዱ፤ በቡዌኖስ አይሬስም ተቀመጡ። በዚያ በማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራ ሠራች። በ1941 ተረት ለልጆች እንዴት መነገር እንዳለበት የሚያስተምር መጽሐፍ በዚያው ከተማ አሳተመች። የመጽሐፉ ስም ስፔኖች ተረት ሲጀምሩ የሚሉት ቃል ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ተረት ተረት» ብሎ እንደ መሰየም ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ የምናነሣው ነገር የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ነው። በ1943 ኤሌና ፎርቱን በስደት ሳለች «ሴሊያ በአብዮት ውስጥ» የሚለውን ታሪክ በእርሳስ ጻፈች። ይህ መጽሐፍ ያችኑ በሰብአ ሰገል ሌሊት መጫወቻዋን ያካፈለችውን ልጅ ወደ ጦርነት ያስገባታል። አያቷ በሴጎቪያ በጦሩ ዐመፀኞች እጅ ይገደላል። ሴሊያ ወደ ማድሪድ ትሸሻለች። በዚያም ደግሞ በሪፑብሊኩ ወገን በኩል በየሌሊቱ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ ሲገደል ታያለች። ሬሳ ታያለች፤ ምግብ ለማግኘት ትሰለፋለች፤ እኅቶቿን ለማግኘት ከከተማ ከተማ ትንከራተታለች። አባቷ ለሪፑብሊኩ ይዋጋል፤ እርሷም አባቷን ትወዳለች። ነገር ግን ዐይኗን አትጨፍንም። በሰባት ዓመቷ «ለምን?» ትል የነበረች ልጅ በ15 ዓመቷም «ለምን?» ትላለች፤ አሁን ግን ጥያቄዋ የሚያስቅ አይደለም። በመጨረሻም አገሯን ጥላ ትወጣለች።

ይህን መጽሐፍ ማን ሊያሳትመው ይችል ነበር? በጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ሥር በነበረችው ስፔን ሳንሱር አያሳልፈውም፤ ከዚህ ያነሰ ነገር የሚናገሩት የሴሊያ መጻሕፍት እንኳ ከሳንሱር ጋር ተጋጭተዋል። በሌላም በኩል መጽሐፉ የራሱን ወገን ግድያ ስለማይደብቅ የተሸነፉትን ስደተኞች ደስ የሚያሰኝ አይደለም። እንግዲህ ለሁለቱም ወገን የማይመች እውነት ሆኖ በወረቀት ላይ ቀረ። ደራሲዋ ስትሞት አልታተመም ነበር። ማሪሶል ዶራኦ የተባለች ተመራማሪ የደራሲዋን ሕይወት ስታጠና በአሜሪካ አገር ከደራሲዋ ቤተ ሰብ ዘንድ ረቂቁን አገኘችው፤ በ1987ም ታተመ። ከተጻፈ 44 ዓመት፣ ደራሲዋ ከሞተች 35 ዓመት ማለፉ ነው። በ1928 ሰባት ዓመት የነበራት አንባቢ በልጅነቷ የወደደቻት ሴሊያ በጦርነቱ ምን እንዳየች ለማንበብ የቻለችው በ66 ዓመቷ መሆኑ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በስደት ሳለችም ሴሊያን አልተወቻትም። «ሴሊያ በአሜሪካ የቤት አስተማሪ» የተባለው መጽሐፍ በ1944 ወጣ፤ በዚህ ውስጥ ሴሊያ እንደ ደራሲዋ በአርጀንቲና እንጀራዋን ትፈልጋለች። በ1950 የወጣው «ሴሊያ ታገባለች» የሚለው መጽሐፍ ግን የሚተረከው በታናሽ እኅቷ በሚላ አንደበት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ለውጥ ብዙ ይናገራል። ሴሊያ ባደገችና ለጋብቻ በተዘጋጀች ቍጥር ድምፅዋ እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ስለ ራሷ መናገር አቁማ ሌላ ሰው ይናገርላታል።

በ1948 ኤሌና ባሏ ወደ አገሩ ያለ ቅጣት እንዲመለስ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ማድሪድ ተመለሰች። ነገር ግን እርሷ ማድሪድ ሳለች በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሏ በቡዌኖስ አይሬስ ራሱን ገደለ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ከነበረው ልጇ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ተቀምጣ ወደ ስፔን ተመለሰች፤ በሳንባ በሽታ ታምማም ግንቦት 8 ቀን 1952 በማድሪድ ሞተች። በእነዚህ የሕመም ዓመታት «ናዳ» በተባለው ልብ ወለዷ ከታወቀችው ከወጣቷ ደራሲ ከካርመን ላፎሬት ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ላፎሬት በልጅነቷ የሴሊያ አንባቢ ነበረች።

በ1957 በማድሪድ በምዕራብ መናፈሻ ለመታሰቢያዋ ሐውልት ቆመላት። በ1993 ደግሞ የስፔን ቴሌቪዥን የሴሊያን ታሪክ በተከታታይ ፊልም አሳየ፤ የፊልሙ አዘጋጅ ሆሴ ሉዊስ ቦራኦ ሲሆን፣ በጽሑፉ የተሳተፈችው ታዋቂዋ ደራሲ ካርመን ማርቲን ጋይቴ ናት። እርሷም ከሴሊያ መጻሕፍት ጋር ያደገች ነበረች። በ2016 «ሴሊያ በአብዮት ውስጥ» እንደ ገና ታተመ፤ በዚያው ዓመት «ስውር መንገድ» የተባለው ለትልልቅ ሰዎች የተጻፈ ልብ ወለዷም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ይህም በጋብቻ ውስጥ የታፈነች፣ ፍቅሯም ለሴት መሆኑን ቀስ በቀስ የምትረዳ የአንዲት ሠዓሊት ታሪክ ነው። እንግዲህ በልጆች ደራሲነቷ ብቻ የምትታወቀው ሴት ለዘመኗ ልትነግረው ያልቻለችው ብዙ ነገር እንደ ነበራት ዛሬ እንረዳለን።

ከሥራዋ የምንማረው

በሥራዋ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ነቀፌታ ማለፍ አይገባንም። ሴሊያ የሀብታም ቤት ልጅ ናት፤ ገረድ፣ ሞግዚትና ወጥ ቤት አላት። የበር ጠባቂው ልጅ ሶሊታ ግን ስለ ራሷ የምትናገርበት መጽሐፍ አልተጻፈላትም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደራሲዋ የምታውቀውን ቤት ጻፈች፤ በምታውቀው ቤት ውስጥም ግብዝነቱን አልሸፈነችም። የማያውቁትን የድኻ ኑሮ በእንባ አስጊጦ ከመጻፍ፣ የሚያውቁትን ቤት በር በእውነት መክፈት ይበልጣል ብለን እናስባለን። የሶሊታን መጽሐፍ ሶሊታ ትጻፈው።

በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄም ከሥራዋ ሦስት መልስ እናገኛለን። አንደኛ፣ ለልጅ የሚጽፍ ሰው በቅድሚያ ማዳመጥ አለበት። የልጅን አነጋገር ከጠረጴዛ ላይ መፍጠር አይቻልም፤ ከልጅ አፍ መልቀም እንጂ። ሁለተኛ፣ ልጅ ምክርን በመጨረሻው መስመር ተንጠልጥሎ አይሻውም። በታሪኩ ውስጥ እውነቱ ካለ ራሱ ያገኘዋል፤ ከሌለ ግን ምክሩ አይጠቅመውም። ሦስተኛውም ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ልጅን ያመነ ደራሲ፣ ልጁ ሲያድግ እውነቱም አብሮት እንዲያድግ መፍቀድ አለበት። ለሰባት ዓመት ልጅ የሰብአ ሰገልን ሌሊት የጻፈች እጅ ለ15 ዓመቷ ልጃገረድ የጦርነቱን ሌሊት ጻፈችላት። የቀደመው ታመነ ሊባል የሚችለው ሁለተኛው ስለ ተጻፈ ነው።

ከእኛ መካከል አስተማሪ የሚሆን አለ፤ ወላጅ የሚሆን አለ፤ ብዕር የሚያነሣም አይጠፋም። ነፍስ ያወቀ ልጅ ከፊታችን ቆሞ «ለምን?» ባለን ጊዜ ለእርሱ የምንሰጠው መልስ ስለ እኛም ይናገራል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ልጅ ስለ ጦርነትና ስለ ግድያ የሚናገር መጽሐፍ ማንበብ ያለበት ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው? ይህንስ የሚወስነው ማን መሆን አለበት?

2. ለማሳተም የማይቻለውን እውነት ጽፎ በሣጥን ማኖር ፍርሃት ነው ወይስ ድፍረት?

3. የሴሊያ ትምህርት እንዲቋረጥ ያስገደዳት የእናቷ ሞት ነው ወይስ በዙሪያዋ የነበሩት ሰዎች አስተሳሰብ? መልሳችሁን ከታሪኩ በምክንያት አስረዱ።